አስፐርገር ያለበት ሰው የራሱን ሥራ ይክፈት ወይስ ይቀጠር?

አስፐርገር የኦቲዝም አንዱ መልክ ነው፤ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሰው ፊት ማንበብና ዓይን ለዓይን መተያየት ይከብደዋል፣ ጫጫታም ያደክመዋል። ስሙ የመጣው ከኦስትሪያዊው የሕፃናት ሐኪም ከሃንስ አስፐርገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ለብቻው መጥራቱን ትቶ ኦቲዝም ውስጥ ጨምሮታል፤ ብዙ ሰው ግን ስሙን አልተወውም። ተከራካሪዎቻችን የባሕር ዳር ሰዎች ናቸው። አንዱ አስፐርገር ያለበት የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ሌላዋ ለነጋዴዎች መዝገብ የሚሠሩ አንጋፋ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው።

ጠጋኙ፦ ይክፈት ባይ ነኝ። ተቀጥሬ ስሠራ ያደከመኝ ሞተሩ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ሬዲዮ ነው። ሦስት ሰው ባንዴ «ያን ተወው፣ ይኼን ያዝ» ሲለኝ ነው። አለቃዬ «እንግዲህ እንደምታየው ነው» ብሎኝ ይሄዳል። ምኑን እንደማይ አይነግረኝም። በራሴ ሱቅ ግን አንዱን ፓምፕ ሳልጨርስ ሌላ አልፈታም። ደንበኞቼ ከፎገራና ከደራ የሚመጡ፣ ሩዝና ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው። እምቦጭ የመምጠጫ ቱቦውን ሲደፍነው ፓምፑ ያለ ውሃ ይሽከረከራል፣ ውሃ የሚይዘው ጎማም ይቃጠላል። ሌላው ጠጋኝ ጎማውን ቀይሮ ይሸኛል። እኔ ቱቦው ጫፍ ላይ ወንፊት ካላሰርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አባዜ ነው ይሉኛል። ይበሉ! ገበሬው ጎረቤቱን ይዞ የሚመጣው በዚሁ አባዜ ነው።

ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ በእጅህ ሥራ ማን ተከራከረህ? የኔ ጥያቄ ከሞተሩ ውጭ ያለው ነው። እዚህ አገር የንግድ ግማሹ ወሬ ነው። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ሳይጠየቅ ዋጋ አይጠራም። ከተጠራ በኋላም ክርክር አለ። ከዚያ ዱቤ ይመጣል። «ሽንኩርቱ ሲሸጥ እሰጥሃለሁ» ይልሃል፤ አንተ ቃሉን እንዳለ ትወስዳለህ። የሽንኩርት ዋጋ ሲወድቅ ስልኩ ይጠፋል። የ2009ኙን የቀን ገቢ ግምትም አትርሳ። የግብር ገማቾች ሱቅ እየገቡ፣ እየጠየቁ ነበር የሚገምቱት። ዓይን ዓይናቸውን የማያያቸው ነጋዴ ያን ቀን ምን ይመስላቸዋል? ደባቂ ነዋ። ተቀጠርና ይኼን ሁሉ ሌላ ሰው ይሸከምልህ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሥራውን እንዲያመቻች ያዛል።

ጠጋኙ፦ እትዬ፣ አዋጁ ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ አሠሪው ፊት ቆሜ «አስፐርገር አለብኝ» ልበል። እዚህ ኦቲዝም ሲባል ሰው የሚያስበው አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው። «አንተማ ደህና ነህ» ይለኛል። ሬዲዮውም ይቀጥላል። ስለ ዓይን ያሉት ግን እውነት ነው። ለዚያ ነው ነገሬን ሁሉ በጽሑፍ ያደረግሁት። ዋጋው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በፊት ይስቁብኝ ነበር፤ አሁን አይተው ይከፍላሉ። ግማሹ በቴሌብር ካልገባ ዱቤ የለም። ከብቱንና ዝናቡን የሚጠይቅልኝ የአክስቴ ልጅ ነው።

ባለሙያዋ፦ እንግዲያ ሱቁ የአክስትህ ልጅ ነዋ! ነገ ሚስት አግብቶ ጎንደር ቢገባስ?

ጠጋኙ፦ ሌላ እቀጥራለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ወሬ የሚችል ሰው ጠፍቶ አያውቅም።

ባለሙያዋ፦ ታማኝ ወሬኛ ግን ይጠፋል። ደንበኛውን የሚያውቀው እሱ፣ ብሩን የሚቀበለው እሱ። አንተ ደግሞ የሰው ፊት ማንበብ ይከብድሃል። አስፐርገር የሌላቸው ነጋዴዎች እንኳ በዚህ ሲወድቁ አይቻለሁ።

ጠጋኙ፦ ከፊት አላነብም፣ ከቁጥር አነባለሁ። ስንት ጎማ ከመደርደሪያ እንደወጣና ስንት ፓምፕ እንደተሸኘ ማታ ማታ አመሳክራለሁ። አንድ ቢጎድል አልተኛም።

ባለሙያዋ፦ አለመተኛትህም ያሳስበኛል። ክረምቱንስ? ዝናብ ሲገባ ፓምፕ የሚያስጠግን የለም። ሐምሌ ደግሞ አነስተኛ ነጋዴ ግብር የሚከፍልበት ወር ነው። ደመወዝተኛ ግን ሐምሌንም ይበላል።

ጠጋኙ፦ ክረምት ድንገት አይመጣብኝም። ከጥር ጀምሬ አስቀምጥለታለሁ። ድንገተኛው አለቃ ነበር።

ባለሙያዋ፦ የስንት ወር አስቀምጠሃል?

ጠጋኙ፦ የሦስት። ኪራዩን ጨምሮ።

ባለሙያዋ፦ የአክስትህ ልጅ ደመወዝስ?

ጠጋኙ፦ በክረምት ግማሽ ነው የሚከፈለው። ተፈራርመናል።

ባለሙያዋ፦ በግማሽ ደመወዝ እስከ መስከረም የሚቆይልህ አይመስለኝም። እኔ ከአቋሜ አልወረድኩም።