የማራቲ ፊልም 2016 የ‹ሳይራት› ዓመት ብቻ አልነበረም

እኛ ሀገር የህንድ ፊልም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሂንዲውን ነው፣ ግን ቦሊውድ ያለባት ሙምባይ ራሷ የማሃራሽትራ ዋና ከተማ ናት፣ የግዛቱ ቋንቋ ደሞ ማራቲ ነው፣ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው አፉን የፈታበት። ስለዚህ የማራቲ ፊልም ሰሪዎች በገዛ ቤታቸው ነው ከሂንዲ ፊልም ጋር ስክሪን የሚሻሙት።

በፈረንጆቹ 2016 ላይ ታዲያ ጉድ ተፈጠረ። ጃንዋሪ 1 ቀን ናና ፓቴካር ያለ የሌለ ሀብቱን ለልጆቹ አውርሶ ሜዳ ላይ የቀረ የቲያትር ሰው ሆኖ የተወነበት ‹ናትሳምራት› ወጣ፣ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ደሞ የናግራጅ ማንጁሌ ‹ሳይራት› መጣና ከ1 ቢሊዮን ሩፒ በላይ በማስገባት ከማራቲ ፊልሞች የመጀመሪያው ሆነ። እስከዛሬ ስለዛ ዓመት ሲወራ ይሄው ብር ብቻ ነው የሚነሳው፣ እኔን የሚያበሳጨኝም እሱ ነው።

ምክንያቱም ‹ሳይራት› ሰው የወደደው ስለደፈረ ነው። ማንጁሌ ራሱ ዳሊት ነው፣ በህንድ የካስት (የዘር መደብ) ስርዓት ከሁሉ በታች ከሚደረጉት ወገን፣ ፊልሙንም የቀረጸው ባደገበት በካርማላ አካባቢ ነው፣ መሪ ተዋናዮቹም ማንም የማያውቃቸው ልጆች ነበሩ። አርቺ የባለሀብት ልጅ ናት፣ ትራክተር እየነዳች ሰፈሩን የምታንቀጠቅጥ፣ ከዝቅተኛ ካስት ከሆነው ከፓርሽያ ጋር ሃይደራባድ ስትጠፋ ግን ቋንቋውን አታውቅ፣ የሰፈሩን ሽንት ቤት አትችለው፣ ያቺ ደፋር ልጅ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ታያላችሁ። መጨረሻው ላይ ደሞ ያ ሁሉ የአቀናባሪዎቹ የአጃይና የአቱል ሙዚቃ ጸጥ ይልና ህፃኑ ልጃቸው በደም እግሩ እየረገጠ ይወጣል። አንጀት ይበላል።

የዛን ዓመት የህንድ ብሔራዊ ምርጥ ፊልም ሽልማት የወሰደው ግን ‹ካሳቭ› ነው፣ ድብርት የያዘው ወጣትና የባህር ኤሊ እንቁላል በሚጠበቅበት የኮንካን ባህር ዳርቻ ያስጠጋችው ሴትዮ ታሪክ፣ እሱንም ሲኒማ ቤት ያየነው ከሽልማቱ በኋላ ነው። የማሃራሽትራ መንግስት በ2015 መልቲፕሌክሶች፣ ማለትም ብዙ አዳራሽ ያላቸው ሲኒማ ቤቶች፣ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት የማራቲ ፊልም እንዲያሳዩ አዝዞ ነበር፣ ተቃውሞ ሲበዛ ሰዓቱን ከቀኑ 6 ጀምሮ አደረገው፣ ያ ማለት ሰው ስራ ላይ እያለ ማሳየትም ይቻላል ማለት ነው። ‹ሳይራት› በየትኛውም ሰዓት ይሞላል፣ የምሽቱ ሰዓት የሚያስፈልገው እንደ ‹ካሳቭ› ላለው ነው።