ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ የት ይገባል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ከሞት በኋላ ሕይወት አለ ወይስ ፍርሃታችን የወለደው ተስፋ ነው? አንደኛው ተከራካሪ በደብረ ማርቆስ የሥነ ሕይወት መምህር ናቸው፤ በልጅነታቸው ዋሸራ በተባለው የቅኔ ትምህርት ቤት ቅኔ ተምረዋል። ሁለተኛው ደብረ ወርቅ የሚያገለግል ዲያቆን ነው።

መምህሩ፦
አባቴ የሞተ ለታ እንቅልፍ የነሳኝ ሐዘን ብቻ አልነበረም። ፈርቼ ነበር። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» አለኝ። ተጽናናሁ። ግን ያጽናናኝ ነገር ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም።

በቅኔ ሰም የላይኛው ትርጉም፣ ወርቅ ደግሞ በውስጡ የተሰወረው ነው፤ ቅኔ ቤት ሥጋን በሰም፣ ነፍስን በወርቅ እንመስል ነበር። ወርቁ ግን የሚገኘው በሰሙ ቃላት ውስጥ ነው። ቃላቱን ፋቃቸው፣ ወርቁም አብሮ ይጠፋል። አባቴ በመጨረሻ የመርሳት በሽታ ይዞት ስሜን ረሳ። ዕድሜውን ሙሉ ዝምተኛ የነበረ ሰው ቁጡ ሆነ። አንጎል ሲታመም እንዲህ የሚፈርስ ማንነት፣ አንጎሉ አፈር ሲሆን እንዴት ይተርፋል? መክብብ 3፥21ም የሰው ነፍስ ወደ ላይ መውጣቷን ማን ያውቃል ብሎ ይጠይቃል።

ዲያቆኑ፦
ጋሼ፣ መክብብን ካነሱ እስከ መጨረሻው እናንብበው። 12፥7 ላይ አፈር ወደ ምድር፣ ነፍስም ወደ ሰጠው እግዚአብሔር ይመለሳል ይላል።

ሰሙንም አንጥረኛው ዘንድ ሄደን እንየው፤ «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከእሱ ነው። ጌጡን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ እሳት ላይ ያደርገዋል። ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። ሰሙ አለቀ፤ ቅርጹ ግን አለ። አባትዎን የሚያውቃቸው አምላክም እንዲሁ ይዟቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ፍርሃቱ እኔም ዘንድ አለ። ግንዘት፣ የሙታንን ጸሎት፣ ሳነብ ድምፄ የሚንቀጠቀጥበት ቀን አለ። ጌታም በጌቴሴማኒ አዝኗል። ደግሞ እምነታችን ለመጽናኛ ብቻ የተፈጠረ ቢሆን፣ ሲኦልን ምን አመጣው?

መምህሩ፦
የሲኦሉን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ እውነትህን ነው። አንጥረኛው ግን ጭቃውን ሰብሮ ጌጡን ያሳየናል። መቃብር ላይ እስካሁን የተሰበረ ጭቃ አላየሁም። በዚያ ላይ እናቴ ለ40ው ተዝካር በሬ ልትሸጥ ነበር፤ ነፍሱ እንዳትጎዳ ብላ። ይሄ ፍርሃት ድሃን ያራቁታል።

ዲያቆኑ፦
በሬው ባይሸጥም ጸሎቱ አይቀርም ነበር። ይህን ለእናትዎ ቀድመን መንገር የነበረብን እኛ ነን።

ጭቃው አንድ ጊዜ ተሰብሯል እንላለን። ትንሣኤ ማለት እሱ ነው። ጳውሎስ ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችን ከንቱ ነው ብሏል። የእኔ ማስረጃ የላቦራቶሪ አይደለም፣ የምስክሮች ቃል ነው። እሱን ባላምን የአንጥረኛው ምሳሌ ብቻውን አያቆመኝም።

መምህሩ፦
እንግዲህ የተለያየነው እዚያ ላይ ነው። ምስክሮቹን ለማመን ሞክሬ አልሆነልኝም። ለአባቴ ሙት ዓመት ግን እመጣለሁ። የክርስትና ስሙ ሲጠራ መስማት እፈልጋለሁ።