ይድረስ ለክቡር ተከታታይ ሽንፈት

ጉዳዩ፦ ቡድናችንን እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ በእርስዎ ምክንያት እንቅልፍ ከማጣቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ቡድኔም እንደሚያውቁት ነው። ስሙን እዚህ አልጠራም። የኤን ኤች ኤልን፣ የሰሜን አሜሪካውን የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ የደረጃ ሰንጠረዥ ከታች ወደ ላይ ካነበቡት ብዙ አይደክሙም።

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ አመጣጤ ለአቤቱታ ነው። ሲመጡ ለአንድ ሁለት ጨዋታ ብቻ መስሎን ነበር። እኛም ዝም አልን። የበረዶ ሆኪ የውድድር ዘመን ከ80 ጨዋታ በላይ አለው። በዚያ ሁሉ መሃል መሸነፍ ለማንም አይቀርም። አሁን ግን ጓዝዎን ጠቅልለው ገብተዋል። መልበሻ ክፍል ውስጥ የራስዎ መስቀያ ሳይሰጥዎት አይቀርም።

ይህን ስል ሽንፈት አልችልም ማለቴ አይደለም። እችላለሁ። የማልችለው የእርስዎን አመጣጥ ነው። 7 ለ0 ቢሆን እኮ ምንም አልነበረም። ከሦስቱ የጨዋታ ክፍለ ጊዜዎች በመጀመሪያው ፔሬድ ሦስት አራት ይገባብናል፣ እኔም ቴሌቪዥኑን ጠርቅሜ እተኛለሁ። ጠዋት ስነሳ ሰው ነኝ። እርስዎ ግን እንዲህ ያለ ውለታ መዋል አይሆንልዎትም። የሚወዱት 2 ለ1 ነው። ልቤን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አንጠልጥለው ይዘው፣ ከዚያ ልቅቅ!

ያለፈውን ጨዋታ እንኳ ብናይ። በአንድ ጎል እየተመራን ነው። ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ያልቻለ ጊዜ ቀርቶናል። አሰልጣኛችን በረኛውን አስወጥቶ ስድስተኛ ተጫዋች አስገባ። ደንቡ ይፈቅዳል፣ ሁሉም ያደርገዋል። ስድስቱም ሄደው የተጋጣሚ ጎል አፍ ላይ ከተሙ። ተከላካያችን ዱላውን ሰቅሎ ከሩቅ ለቀቀው። ፓኳ፣ ያቺ ጥቁር ጎማ፣ የአንዱን ቁርጭምጭሚት መትታ ተመለሰች። ከዚያ ማንም ሳይነካት ወደ ባዶው ጎላችን ጉዞ ጀመረች። ደግሞ እኮ ቀስ ብላ! ልጁ ከኋላዋ በረረ። ዱላውን ዘረጋ። አልደረሰባትም። በመጨረሻ በደረቱ ተወረወረና መረቡ ውስጥ ገብቶ ተጠቀለለ። እሷ ቀድማው ገብታለች። 3 ለ1።

የቋሚውን ጉዳይም ሳላነሳ አላልፍም። የሆኪ ጎል 183 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 122 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። የቋሚው ውፍረት 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሆን ብሎ ቋሚ መምታት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው! የእኛ ልጆች ግን በአንድ ምሽት ሁለቴ አንኳኩት። ጢንንን! ይባስ ብሎ ቋሚ መትቶ የተመለሰ ፓክ ዒላማውን የጠበቀ ሙከራ ተብሎ እንኳ አይመዘገብም። የእኔን ደም ግፊት የሚመዘግበው ሐኪም ብቻ ነው።

ከሁሉ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ያቺ አንድ ነጥብ ናት። በኤን ኤች ኤል ደንብ 60 ደቂቃውን እኩል ጨርሶ በኋላ የተሸነፈ ቡድን አንድ ነጥብ ይሰጠዋል። አሸናፊው ሁለት ይወስዳል። ይህችን ቀዳዳ በደንብ አጥንተዋታል። ልክ "በቃ፣ የዘንድሮው አበቃ" ብዬ ቁርጤን ሳውቅ በተጨማሪ ሰዓት ይጥሉንና አንድ ነጥብ ጣል ያደርጉልናል። ያኔ እኔ ስሌት እጀምራለሁ። እነ እንትና ሦስት ከተሸነፉ፣ እኛ አምስት ካሸነፍን... እኛ? አምስት?

የኋላ ታሪክዎንም አገላብጫለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቡፋሎ ሴበርስ ዘንድ 18 ጨዋታ ሙሉ ተቀምጠዋል። 18ኛዋ ላይ ቡድኑ ፊላዴልፊያን 3 ለ0 እየመራ ነበር። አሁንማ ሊሄዱ ነው ሲባል፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ3። ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው፤ የትም ባየው አልስተውም። እዚያው ቡፋሎ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ሰዉን ጭራሽ ወዳጅዎ አድርገውት ነበር። አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾች ለቡድኖች ሲከፋፈሉ ማን ቀድሞ እንደሚመርጥ በዕጣ ይለያል፤ መጨረሻ የወጣ ቡድን የዚያን ዓመት ዕንቁ ኮነር ማክዴቪድን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ስለነበር፣ እንግዳው አሪዞና በተጨማሪ ሰዓት ሲያገባባቸው የገዛ ደጋፊዎቻቸው ጨፈሩ። ቡፋሎ መጨረሻ ወጣ። ዕጣው ለኤድመንተን ደረሰ። ወዳጅዎም ከእርስዎ አላተረፈም ማለት ነው።

ዋሽንግተን ካፒታልስ እ.ኤ.አ. በ1974-75 ከ80 ጨዋታ 8 ብቻ ሲያሸንፉ የቆሻሻ በርሜል እንደ ዋንጫ ተሸክመው በረዶው ላይ ዞረዋል። ከሜዳቸው ውጭ አንዴ በማሸነፋቸው ነው። እነሱስ ቢያንስ ሳቅ አወጡበት።

አሁን ሰዉ ሁሉ ስለ ሴንት ሉዊስ ብሉዝ ያወራኛል። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 መባቻ ከ31 ቡድን መጨረሻ ነበሩ፣ በሰኔ የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን አነሱ። "አይዞህ፣ ይመጣል!" ይሉኛል። ይህን ታሪክ በየዓመቱ እየዞሩ የሚነዙት እርስዎ ነዎት ብዬ እጠረጥራለሁ። አለዚያማ ማን ይጠቀማል?

የተጫዋቾቻችንን ነገር ተዉት። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ "60 ደቂቃ ሙሉ መጫወት አለብን" ይላሉ። እኔ 60 ደቂቃ ሙሉ አያለሁ። ከሁላችን የሚሠራው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ልመናዬ የሚከተለው ነው። ነገ ማታ ጨዋታ አለን። ባይመጡ ደስ ይለናል። የግድ ከመጡ ግን በጊዜ ይምጡና በመጀመሪያው ፔሬድ ጨርሱን። አንድ ነጥብዎን አንፈልግም። በመጨረሻዋ ደቂቃ አቻ የምታደርግ ጎልም እንዳትልኩብን። ካስገባን አላጠፋውም፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ድምጹን ዘግቶ የሚያየው ደጋፊ

ግልባጭ፦
ለአሰልጣኛችን፣ ገና በሥራ ላይ ከሆኑ
ለበረኛችን፣ ለመረጃ ያህል
ለግራው ቋሚ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ