ስሙን ሳናውቅ የሰደብነው ልጅ

የድሬዳዋ ልጆች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ፤ ይህን የምጽፍላችሁ ቡድናችን ድሬዳዋ ከተማ ስለ ተሸነፈ አይደለም። ቡድናችን ሲሸነፍ ማየት ከጀመርሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ሽንፈቱንም እንደ ማንኛውም የቆየ ደጋፊ ሌሊቱን ስገላበጥበት አድሬ ሲነጋ እተወዋለሁ። አልተው ያለኝ የእኛ የደጋፊዎቹ ነገር ነው።

በየከተማው እየዞረ የሚካሄደው የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ወደ ከተማችን መጥቶ በነበረበት ሰሞን፣ በአንድ የምሽት ጨዋታ ላይ፣ ሰባኛው ደቂቃ አካባቢ አንድ ታዳጊ ተቀይሮ ገባ። ገና ላብ ሳያሞቀው ኳስ ወደ ኋላ ለበረኛው ሊመልስ ሲል አጠረችበት፤ የተጋጣሚያችን አጥቂ ቀደመውና ጎል ሆነች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጁ ኳስ በነካ ቁጥር ከተቀመጥንበት ደረጃ «ይውጣ!» የሚል ጩኸት ይነሣ ነበር፤ ጩኸቱ ብቻ ቢሆን መልካም፣ ወላጅ እናቱን የሚያነሣ፣ እዚህ ልጽፈው የማልደፍረው ስድብም ነበረበት። የውሃ ላስቲክ የወረወሩም ነበሩ። ከእኔ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ለውዝ የያዘ አንድ ጎልማሳ ተቀምጦ ነበር። ጥቅሉን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አንዲት ፍሬ ሳይቀምስ፣ ቀና ሳይልም ጨዋታው አለቀ። ስንወጣ በሩ ላይ ደረሰብኝና «ጋሼ፣ የልጁን ስም ያውቁታል?» ሲል ጠየቀኝ። አላወቅሁትም። «የእህቴ ልጅ ነው። እዚሁ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው ኳስ የተማረው» አለኝና ወደ ባጃጆቹ ሄደ።

እኔ በዚያ ምሽት አልተሳደብሁም፤ ነገር ግን አጠገቤ ያለውን ወጣት «ተው» አላልሁትም። በዕድሜ ታላቁ ነበርሁ፤ ብናገረው ይሰማኝ ነበር። ስለዚህ ይህ ተግሳጽ እኔንም የሚጨምር መሆኑን አስቀድሜ አምናለሁ።

የት ከተማ ላይ ሆነን እንዲህ እንደምናደርግ እናስታውስ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች፣ ከሐዲዱና ከፋብሪካው ሠራተኛ መካከል ተጫዋች ያፈራች ከተማ ናት። ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. በተከታታይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫ ከዚህች ከተማ አልወጣም፤ አራቱን የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ጥጥ ማኅበር፣ ሁለቱን የሲሚንቶ ፋብሪካው ኢትዮ ሲሚንት ወስደውታል። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የአፍሪካ ዋንጫን ስታዘጋጅ ከሁለቱ ምድቦች አንዱ የተካሄደው በእኛው ስታዲየም ነበር። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር እዚህ ተጫውተው፣ ከመካከላቸው ሞሮኮ አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን አነሣች። እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርሁ፤ አባቴ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ነበር። ጨዋታዎቹን እምብዛም አላስታውስም፤ የሚታወሰኝ ከሥሬ የአባቴ እጆች ሲያጨበጭቡ ሰውነቴ ይነቃነቅ እንደ ነበር ነው። አገራችን ባልተጫወተችበት ሜዳ፣ ስማቸውን በማያውቃቸው የሩቅ አገር ልጆች፣ ያ ሕዝብ ጥሩ ኳስ ባየ ቁጥር ያጨበጭብ ነበር። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነን እንግዲህ የደቻቱን ልጅ እናቱን ጠርተን የሰደብነው።

ድሬዳዋ ከተማ በ2008 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲመለስ የነበረንን ደስታ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙውን የውድድር ዘመን የጨረስነው ወራጅ ቀጠናውን በዓይናችን እየለካን፣ የሌሎችን ውጤት በሬዲዮ እየጠበቅን፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የነጥብ ሒሳብ እየሠራን ነው። ይህ ያደክማል፤ ያናድዳልም። አሠልጣኙን መተቸት፣ የተጫዋች ግዢው ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቅ፣ ሥራውን ያልሠራን ኃላፊ በስብሰባ ላይ ፊት ለፊት መሞገት መብታችን ብቻ ሳይሆን ግዴታችን ነው። እኔ የምገሥጻችሁ ስለ ተናደዳችሁ አይደለም። ንዴታችሁን ሁሉ መልሶ ለመናገር አቅም በሌለው በአንድ ታዳጊ ላይ ስለምታፈስሱት ነው፤ ጥያቄ በሚጠየቅበት ስብሰባ ላይ ግን አንገታችሁን ደፍታችሁ ስለምትቀመጡ፣ አለዚያም ጭራሽ ስለማትመጡ ነው።

«ቡድኑን መች አየነውና?» የሚል መልስ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እውነትም አለበት። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ መካሄድ በመጀመሩ፣ በዓመት ውስጥ ቡድናችንን በዓይናችን የምናየው ሊጉ ወደ እኛ በሚመጣባቸው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆኗል። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራውን ዘግቶ፣ ልጁን አስከትሎ ስታዲየም ይገባ የነበረ ሰው ልማዱ ተቋርጦበታል፤ ልማድ ሲቋረጥ ፍቅርም ይቀዘቅዛል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀምረዋል። ታዲያ ስንቶቻችን አየናቸው?

ቡድናችን ሐዋሳ ላይ በሚጫወትበት አንድ ቀን፣ ከሰፈሬ ወደሚገኝ ኳስ ማሳያ ቤት ገባሁ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የሚታየው ግን የእንግሊዝ ጨዋታ ነው። ባለቤቱን «የእኛ ልጆች እየተጫወቱ ነው እኮ፣ በትንሹ ስክሪን እንኳ ክፈትልን» ብዬ ለመንሁት። ሰውየው ጨዋ ነውና ሪሞቱን አነሣ። ገና ጣቢያውን ሳይቀይር የውርርድ ቲኬት የቆረጡ ወጣቶች ከኋላ ተነሥተው ጮኹበት፤ መልሶ አስቀመጠው። እዚያ ቤት ውስጥ የአርሰናልን ተቀያሪ በረኛ በስም የሚጠራ እንጂ የእኛን የግራ መስመር ተከላካይ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለዚህ ነው። የእንግሊዝ ኳስ አትዩ አልላችሁም፤ እኔም አያለሁ። ነገር ግን ቅዳሜ የተጫዋቾቹን ስም እንኳ ሳንጠይቅ ቆይተን፣ ወራቶች አልፈው ሊጉ እዚህ ሲመጣ ስታዲየም ገብተን «ከተማችንን አዋረዳችሁ» ብለን መጮህ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

የኢትዮጵያ ቡናን ደጋፊዎች ተመልከቱ። ቡና የሊጉን ዋንጫ ያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ደጋፊው ማልያውን ለብሶ፣ ዜማውን አውጥቶ፣ ቡድኑ ሁለት ለባዶ እየተመራ ሲዘምር ሰምተነዋል፤ እዚሁ ከተማችን ድረስ ተጉዞ መጥቶ ሲዘምርም ሰምተነዋል። እነዚያ ሰዎች እኛ የሌለን ገንዘብ ወይም እኛ የሌለን ጉሮሮ የላቸውም። ቡድኑን የራሳቸው አድርገው ይዘውታል። እኛ ግን ክለባችንን እንደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እናየዋለን፤ ውጤት ሲያመጣ «እኛ» እንላለን፣ ሲሸነፍ «እነሱ» እንላለን። በከተማ ስም የሚጠሩ ክለቦቻችን አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደር በጀት እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ ያ በጀት የእኛው ግብር መሆኑን ግን እንረሳለን። ግብሩን ከፍለን ጠያቂ ካልሆንን፣ የደጋፊ መታወቂያ አውጥተን ወርሃዊ መዋጮ ካልከፈልን፣ ብርቱካናማውን ማልያ ገዝተን ካልለበስን፣ በየትኛው ድርሻችን ነው ውጤት የምንጠይቀው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆንብናል።

ስድቡና ውርወራው ደግሞ በገንዘብም ያስከፍለናል። ደጋፊ ሲሳደብና ዕቃ ሲወረውር የሊጉ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ የሚቀጣው ክለቡን ነው። ለታዳጊ ቡድኑ ጫማና ኳስ ሊገዛ የሚችለው ብር ለቅጣት ይከፈላል ማለት ነው። አንድ የውሃ ላስቲክ የወረወረ ሰው የሰፈሩን ልጅ ጫማ አስወለቀ ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ በአንዳንድ ስታዲየሞች እንዳየነው የተጫዋቹን ብሔርና ሃይማኖት እየጠሩ መሳደብ ወደ እኛም መንደር ብቅ ማለቱ ነው። ድሬ ውስጥ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው ከአንድ ግቢ እየወጣ፣ በአንድ ኳስ፣ በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ በባዶ እግሩ ተጫውቶ አድጓል። «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል የሰፈሩን ስም ይጠራ ነበር፤ ከዚራ፣ መጋላ፣ ገንደ ቆሬ፣ ሳቢያን ይል ነበር። ይህን ያጠፋን ቀን ቡድኑ ሊጉን ቢያሸንፍ እንኳ የሚያሸንፍላት ከተማ አትኖርም። እንዲህ ያለ ስድብ የሰማ ሰው፣ ተሳዳቢው ወንድሙ ቢሆንም፣ እዚያው ያስቁመው፤ ያስነሣው፤ ያስወጣው።

«ብንወርድም እንመለሳለን» የምትሉ ደግሞ ጅማን አስቡ። ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. ወረደ። ዋንጫ ያነሣን ክለብ አራት ዓመት ብቻ ከበቃው፣ ከመውረድ ለጥቂት እየተረፍን የቆየነው እኛማ ምን ዋስትና አለን?

አንድ ነገር ደግሞ ለወላጆችና ለሰፈር ሽማግሌዎች ልበል። የሰፈር ሜዳ ሲታጠር፣ ባዶ ቦታው ግንባታ ሲጀመርበት «ለልጆቹስ?» ብለን የጠየቅን ስንት ነን? ጥጥ ማኅበር ተጫዋች ፍለጋ ሩቅ አልሄደም፤ ፋብሪካው በር ላይ ነበሩ። ዛሬ ቡድናችን ከሌላ ከተማ በውድ ደመወዝ ተጫዋች ሲያስፈርም «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብለን እናዝናለን፤ የራሳችን ልጅ ተገኝቶ ሲገባ ደግሞ በመጀመሪያ ስሕተቱ «ይውጣ» እንላለን። የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ኳስ ያጥርበታል። ሳያጥርበት ያደገ ተጫዋች የለም። እንዲህ የተጮኸበት ልጅ በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሷን እንዲቀበል ማን ድፍረት ይሰጠዋል? አሠልጣኙስ ደግሞ እሱን ለማስገባት እንዴት ይደፍራል?

ስለዚህ ሊጉ እንደገና ወደ እኛ ሲመጣ፣ የምትመጡ ሁሉ ከመምጣታችሁ በፊት የተጫዋቾቻችንን ስም አጥንታችሁ ኑ። ልጆቻችሁንም አምጡ። በተመራን ሰዓት የሚጮህ ጉሮሮ ያላችሁ፣ ያን ጉሮሮ ለመዝሙሩ አቆዩት። አጠገባችሁ የሚሳደብ ካለ፣ እኔ በዚያ ምሽት ያላደረግሁትን አድርጉ፤ ክንዱን ያዙና «ተው ወንድሜ» በሉት።

እኔ ከዚያ ወዲህ ልጁ ሲሠለጥን ለማየት ጠዋት ሁለት ጊዜ ሄጄአለሁ። ስሙን አሁን አውቀዋለሁ። እዚህ የማልጽፈው በስሕተቱ እንዳይታወቅ ብዬ ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ከመስመሩ ዳር ቆሜ ስጠራው ዞር ብሎ እጁን አነሣልኝ።