ለጋሽ ጠፋ ከማለታችን በፊት

የበጀት ዓመት ሊዘጋ ሲል በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ስብሰባ ላይ የማይቀር አንድ ቅሬታ አለ፤ «ሰው መስጠት ትቷል» የሚል። ኑሮ ከበደ፣ ድርጅቱ በዛ፣ ወጣቱ ግድ አጣ፣ ትልልቆቹ ረጂዎች እጃቸውን ሰበሰቡ ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው። የዚያኑ ድርጅት የለጋሾች መዝገብ ገለጥ አድርጎ ያየ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ያገኛል። አምና ሰጥተው ዘንድሮ የቀሩት ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ ለምን እንደቀሩም የጠየቃቸው የለም። መስጠትን ተዉ ለማለት ምንም ማስረጃ የለንም። የምናውቀው እኛን እንደተዉን ብቻ ነው።

ገቢ ማሰባሰብን አንቀው የያዙት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚፈጸሙት ገንዘቡ እጃችን ከገባ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ። ስብሰባው፣ ሥልጠናው፣ የአማካሪው ክፍያ ሁሉ የሚውለው ግን «እንዴት እንጠይቅ» በሚለው ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የለጋሾችን መመላለስ በየዓመቱ የሚከታተሉ ጥናቶች ለዓመታት ተመሳሳይ ነገር ሲያሳዩ ቆይተዋል፤ ለአንድ ድርጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰጡ አምስት ሰዎች በቀጣዩ ዓመት ለዚያው ድርጅት የሚመለሰው አንድ ገደማ ነው። ደግሞ የሰጠ ሰው ግን ከዚያ በኋላም የመቀጠል ዕድሉ ከግማሽ በላይ ይሆናል። እንግዲህ ትልቁ ገደል ያለው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ስጦታ መካከል ነው። አዲስ ለጋሽ ለማግኘት የሚወጣው ወጪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ ለጋሽ መጀመሪያ ከሚሰጠው ገንዘብ ይበልጣል። ስለዚህ አንዴ ሰጥቶ የሚሄድ ሰው ብቻ የሚሰበስብ ድርጅት ሥራው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ አንዳንዴም እየከሰረ ነው።

በዚያ ገደል ውስጥ ምን እንደሚፈጠር በቅርበት እንየው። አንዲት ሴት ማታ ስልኳን ስታይ የአንድ ሕፃን ታሪክ ያጋጥማታል፣ ልቧ ይነካል፣ ትሰጣለች። ወዲያው አጭር መልእክት ይደርሳታል፦ የክፍያው ቁጥር፣ ቀኑ፣ መጠኑ። የባንክ መልእክት እንጂ የሰው ቃል አይመስልም። ከዚያ ዝም ይባላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ውድ አቶ/ወ/ሮ/ወ/ሪት» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ይመጣል። ጭረቶቹ እንኳ አልተሰረዙም። ደብዳቤው አዲስ ዘመቻ ያስተዋውቃል፤ ስለዚያ ሕፃን ግን አንድ ቃል የለውም። ሴትዮዋ አትቆጣም፣ አቤቱታም አታቀርብም። ትረሳዋለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ልቧ ሲነካ የምትሰጠው ለሌላ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ስሟን «ያቋረጡ» የሚል አምድ ውስጥ ያስገባና ኑሮ መክበዱን ያወሳል።

የሰጪን ስም መጥራት ምን ያህል እንደሚሠራ ከ140 ዓመት በፊት የታየ ነገር ነው። በ1885 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ ላይ የነጻነት ሐውልት ሊቆምበት የታሰበው መሠረት በገንዘብ እጦት ሥራው ተጓትቶ ነበር። ባለሀብቶቹ ሲያቅማሙ የጋዜጣ ባለቤቱ ጆሴፍ ፑሊትዘር ወደ ተራው ሕዝብ ዞረ፤ የሰጠውን ሁሉ፣ ስጦታው የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ስሙን በጋዜጣው እንደሚያትም ቃል ገባ፤ አተመም። በወራት ውስጥ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ከመቶ ሺህ የሚበልጡት ሰጪዎች በአብዛኛው ከአንድ ዶላር በታች የሰጡ ነበሩ። በእርግጥ ፑሊትዘር ጋዜጣውንም እየሸጠ ነበር፤ ያ ግን ትምህርቱን አይቀንሰውም። ሳንቲም የሰጠውን ሰው እንደ ሰው ቆጠረው።

እዚህ ላይ «በቃ፣ ለሁሉም እየደወልን እናመስግን» የሚል ይኖራል። ይህም ተሞክሯል። ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ከ500 ሺህ በላይ ለጋሾችን ያካተተና ዓመታት የፈጀ ሙከራ አድርገው ነበር፤ ለከፊሎቹ የምስጋና ስልክ ተደወለ፣ ለቀሩት አልተደወለም። የሙያው ሰዎች ትልቅ ለውጥ ጠብቀው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ስጦታ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ይህን ውጤት አድበስብሶ ማለፍ ይቀላል፤ እኔ ግን ይዤው መሄድ እመርጣለሁ። ስጦታው ከተረሳ በኋላ በማያውቁት ሰው የሚነበብ የተዘጋጀ ምስጋና ያው ከአንገት በላይ ነው፤ ሰው ይለየዋል። ለጋሹ የሚፈልገው ገንዘቡ የት እንደደረሰ ማወቅ ይመስለኛል። «ባለፈው ወር በላኩት ገንዘብ ይህ ተሠራ፣ ይህ ደግሞ ገና ነው» የሚሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አበባ ከታተመበት ካርድ ይበልጣሉ። «ገና ነው» የምትለዋ ክፍል ደግሞ ድርጅቶች በጣም የሚፈሯት፣ ለጋሹ ግን እምነት የሚጥልባት ናት።

ወደ መጠየቁ ስንመጣ ስህተቶቹ ይበልጥ የታወቁ ናቸው። ቢሆንም አሁንም ይደጋገማሉ። ደብዳቤው «ድርጅታችን ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ» ብሎ ይጀምርና ሦስት አንቀጽ ሙሉ ስለ ራሱ ያወራል፤ ራእይ፣ ተልዕኮ፣ ስትራቴጂክ ዕቅድ። ከዚያ በሚሊዮን የሚቆጠር ተጎጂ ይደረድራል። በ2007 የታተመ የሦስት ተመራማሪዎች ሥራ ይህ አሠራር ምን ያህል እንደሚያስከፍል አሳይቷል። ተሳታፊዎች በእጃቸው ከነበረው አምስት ዶላር እንዲለግሱ ሲጠየቁ፣ ሮኪያ የምትባል የሰባት ዓመት የማሊ ልጅ ታሪክ የቀረበላቸው በአማካይ ከሁለት ዶላር በላይ ሰጡ። ስለ ሚሊዮኖች ረሀብ አኀዝ ብቻ ያነበቡት የሰጡት የዚያን ግማሽ ያህል ነው። የሚያስገርመው ሦስተኛው ቡድን ነው፤ የልጅቷ ታሪክና አኀዙ አንድ ላይ ሲቀርብለት ስጦታው ወደ አኀዙ ቡድን ተጠግቶ ወረደ። ቁጥሩ ታሪኩን ማገዙ ቀርቶ ገደለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከዚህ ጥናት ተነስተው የተራበ ሕፃን ፎቶ ለማደን የሚሮጡ አሉ። የሰውን ክብር ገፎ የተሰበሰበ ገንዘብ ለእኔ የተሳካ ገቢ ማሰባሰብ አይደለም፤ ታሪኩ የተነገረለት ሰው ራሱ ደብዳቤውን ቢያነበው ያፍራል ወይ ብሎ መጠየቅ በቂ መመዘኛ ነው።

የደብዳቤው መጨረሻም ሌላ ችግር አለበት፦ «ማንኛውንም ድጋፍ እንዲያደርጉልን በትህትና እንጠይቃለን»። ምን ያህል? ለምን? እስከ መቼ? አይታወቅም። ፊት ለፊት መጠየቅ እንደ ልመና ስለሚቆጠር ጥያቄው በትህትና ተሸፋፍኖ ይቀራል። ቦስተን አካባቢ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው ክርስቲያናዊ በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ የሚያሰባስቡ ደወል መቺዎች አንድ የገበያ አዳራሽ በር ላይ ቆመው በተደረገ ሙከራ፣ ዝም ብሎ ደወል ከመምታት ይልቅ ሰውን ዐይኑን እያዩ «እባክዎ ይስጡ» ማለት የሰጪዎችን ቁጥር ከግማሽ በላይ ጨምሯል። ታዲያ ጥያቄውን ለመሸሽ በሌላ በር የገቡም ብዙ ነበሩ፤ አንድ ሦስተኛ ይጠጋሉ። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ልክ ነው፦ መጠየቅ ይሠራል፣ ማሳደድ ያሸሻል። በየሳምንቱ «አስቸኳይ» የሚል መልእክት የሚልክ ድርጅት ለጋሹ ሌላ በር እንዲፈልግ እየነገረው ነው።

ሌላው ስህተት ውሸት ነው፤ ለስለስ ያለ ስም ባወጣለት ደስ ባለኝ። «ከሚሰጡን ገንዘብ እያንዳንዱ ሳንቲም በቀጥታ ለተጎጂዎች ይደርሳል» እንላለን። የሒሳብ ሠራተኛው፣ የቢሮው ኪራይ፣ የመኪናው ነዳጅ፣ ኮምፒውተሩ ከየት ነው የሚከፈለው? እነዚህን ወጪዎች የሚሸፍን ሌላ ለጋሽ ከሌለ በቀር አባባሉ እውነት ሊሆን አይችልም። በ2013 በአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚመዝኑና መረጃቸውን የሚያወጡ ሦስት ታላላቅ ተቋማት ራሳቸው ለጋሾች ድርጅትን በአስተዳደር ወጪው መቶኛ ብቻ እንዳይመዝኑ በግልጽ ደብዳቤ ጠይቀዋል። ወጪውን የሚደብቅ ድርጅት ለጋሹን ከእውነታው የራቀ ነገር እንዲጠብቅ ያስለምደዋል፤ ያንን ለማሟላት ደመወዝ ይቀንሳል፣ ጥሩ ሠራተኛ ይለቃል፣ መዝገብ የሚይዝ ይጠፋል። ያ «አቶ/ወ/ሮ/ወ/ሪት» የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

የለጋሹ ጥላቻ ለወጪው ራሱ አለመሆኑንም አይተናል። በ2014 የታተመ ሙከራ ለ40 ሺህ ሰዎች በተላከ ጥያቄ የአስተዳደር ወጪውን ሌላ ለጋሽ አስቀድሞ እንደሸፈነው ለከፊሎቹ ነገራቸው። ከሌሎቹ የማግባቢያ መንገዶች ሁሉ ይበልጥ የሰበሰበው ይህ ነበር። ስለዚህ አንዱን ትልቅ ለጋሽ ዐይን ዐይኑን እያዩ «የእርስዎ ገንዘብ ለደመወዝና ለኪራይ ይሁንልን» ማለት ይቻላል። ድፍረት ይጠይቃል፤ ያዋጣል ግን።

ገንዘብን በተመለከተ እውነት መናገር ወይም መሸፋፈን ምን እንደሚያስከትል ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይበቃሉ። ከመስከረም 2001 የአሜሪካ ጥቃት በኋላ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ለተጎጂዎች ተብሎ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ ከዚያም ከፊሉን ለወደፊት አደጋዎች ሊያስቀምጠው ማሰቡ ታወቀ። ሐሳቡ ከአስተዳደር አንጻር ሞኝነት አልነበረም። ሰጪው ግን የሰጠው ለዚያ አልነበረምና ቁጣው እስከ ምክር ቤት ደረሰ፤ ድርጅቱም ውሳኔውን ለመቀልበስና ገንዘቡን ሁሉ ለተጎጂዎች ለማዋል ተገደደ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2004 ሱናሚ ሲመታ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በቀናት ውስጥ «ለዚህ አደጋ የሚበቃን ደርሶናል፣ በቃን» አለ። ቀድመው ለሰጡት ደግሞ ትርፉን ለሌሎች ተረሱ ለተባሉ ቀውሶች እንዲያውለው ፈቃድ ጠየቃቸው። አብዛኞቹ ፈቀዱ። ሁለቱም ድርጅቶች የፈለጉት ገንዘቡን ከታሰበለት ውጭ ማዋል ነበር፤ አንዱ አስቀድሞ ጠየቀ።

ስለ ታላላቅ ዝግጅቶችና ስለ ኢንተርኔት ዘመቻዎች ብዙ አልልም። በ2014 ሰዎች የበረዶ ውሃ በራሳቸው ላይ እያፈሰሱ ኤ.ኤል.ኤስ ለተባለ የነርቭ በሽታ ገንዘብ ሲያሰባስቡ፣ የአሜሪካው ኤ.ኤል.ኤስ ማኅበር በሳምንታት ውስጥ 115 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ከዚያ ወዲህ «እኛም እንዲህ ያለ ነገር እንፍጠር» የማይል ቦርድ ጠፋ። ዘመቻውን የፈጠረው ግን ማኅበሩ አልነበረም፤ በሽታው የያዛቸው ሰዎችና ወዳጆቻቸው ያቀጣጠሉት ነው፣ ገቢውም በኋላ ወደዚያ ከፍታ አልተመለሰም። ለአንድ ምሽት እራት ተብሎ የሦስት ወር የሠራተኛ ጊዜ የሚበላውንም ዝግጅት ያየ ያውቀዋል። በአንድ ትልቅ ረጂ ላይ ተንጠልጥሎ መኖር ደግሞ ረጂው ፖሊሲውን የቀየረ ቀን የሚያመጣው ጣጣ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የምመክረው አንድ ነገር አለ፤ ቀጣዩን ዘመቻ ከማቀዳችሁ በፊት አምና ሰጥተው ዘንድሮ ከቀሩት መካከል ለሃያዎቹ ደውሉና ለምን እንደቀሩ ጠይቁ። በዚያ ስልክ ገንዘብ አትጠይቁ። የምትሰሙት መልስ ከአማካሪ ሪፖርት የተሻለ ነው፤ «ምንም አልሰማሁም» የሚሉት ይበዛሉ ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ በጀታችሁን አውጡና የነባር ለጋሾችን ጉዳይ የሚመለከት መስመር እንዳለው፣ ኃላፊነቱም በአንድ ሰው ስም የተጻፈ መሆኑን እዩ። «የኮሙኒኬሽን ክፍል» የሚል ከሆነ ማንም አልያዘውም ማለት ነው።