ክርክር፦ የስኳርና የግፊት ታካሚን የጂም አሰልጣኝ ያሠራው?

ለስኳር ወይም ለደም ግፊት ክትትል የሚሄድ ሰው «ስፖርት ሥራ» ተብሎ ይወጣል። የትና ከማን ጋር እንደሚሠራ ግን አይነገረውም። ታዲያ የጂም አሰልጣኞች ሠልጥነው ሥራውን ይያዙት ወይስ ለጤና ባለሙያ ይተዉት? አዲስ አበባ ውስጥ ጂም የሚያሠራ አሰልጣኝና የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ በጽሑፍ ተከራክረዋል።

አሰልጣኙ

ታካሚው እኮ ጂም ከገባ ቆይቷል። ጠዋት 12 ሰዓት በሩን ስከፍት ከሚጠብቁኝ ሰዎች መካከል ስኳር ያለባቸው፣ የግፊት ኪኒን የሚውጡ አሉ። አንዳንዱ ይነግረኛል፤ ሌላው «ከጂም እባረራለሁ» ብሎ ይደብቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ስኳርና ግፊት ያለባቸው አዋቂዎችም በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ቢያንስ 2 ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨመርበታል። ብረት አነሳሱን የሚያሳይ አሰልጣኝ ከሌለ ይህን ማን ያሠራቸዋል? በእንግሊዝ ሐኪሙ ራሱ ታካሚውን ለዚህ ወደሠለጠነ አሰልጣኝ ይልካል። አውስትራሊያ ውስጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ከፊል ክፍያውን የመንግሥት የጤና መድን ይሸፍናል። እኛም ጋ የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ አለ። ማስተማር እንጂ ሰው አልጠፋም።

ነርሷ

ኮች፣ በጎ ሐሳብዎን አልጠራጠርም። የአውስትራሊያውን ሲያነሱ ግን ግማሹን ትተውታል። እዚያ ይህን ሥራ የሚይዘው ሰው ዩኒቨርሲቲ ዓመታት ተምሮ፣ በባለሙያ ክትትል ሥር በታካሚ ላይ ተለማምዶ ነው። እኛ ጋ ሥልጠና ሲባል የሁለት ሳምንት ኮርስና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰርተፊኬት እንዳይሆን ነው ፍርሃቴ።

አንድ ነገር ላሳይዎ። ዐቢይ ጾም ነው እንበል። አንዲት እናት ግሊቤንክላማይድ የሚባል የስኳር ኪኒን ትወስዳለች፤ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። ጠዋት ኪኒኗን ውጣ፣ ምንም ሳትቀምስ ጂም መጣች። መድኃኒቱ ሰው በላም አልበላም ከቆሽት ኢንሱሊን ያስወጣል። ጡንቻዋ ደግሞ ሲሠራ ስኳሩን ከደሟ ይስበዋል። ትሬድሚል ላይ ጥቂት እንደቆየች ላብ ያጠምቃታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሐሳቧ ይዘባረቃል። ጂም ውስጥ ላብ ማንን ያስደነግጣል? «ጎበዝ፣ በርቺ!» ነው የምትባለው። ሜትፎርሚን ብቻ ብትወስድ ኖሮ አደጋው በጣም ያነሰ ነበር። እሷን ቢጠይቋት ግን ሁለቱም «የስኳር ኪኒን» ናቸው።

አቴኖሎል የሚባለውን የግፊት ኪኒን የሚወስደውንም ያስቡት። መድኃኒቱ የልብ ምቱን ይይዘዋል። አሰልጣኙ ማሽኑ ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያይ «ገና ነህ፣ ጨምር» ይለዋል። ሰውየው ግን ጨርሷል።

አሰልጣኙ

ሲስተር፣ ያነሱት ሁሉ ለእኔው ማስረጃ ነው። አሰልጣኙ «በርቺ» ያለው ማንም ስላላስተማረው ነው። ያቺ እናት ጂም ብትከለከልም ሰፈር ውስጥ ዎክ ማድረጓ አይቀርም፤ እዚያ ደግሞ የሚያያት የለም።

ልንማረው የሚገባው ብዙ ነው፤ የማይደረስበት ግን አይደለም። ከሥራው በፊት ስኳሯን በመለኪያ ማየት። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከ90 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ ሳይቀምስ አለማስጀመር። ጾም ከያዘች ቀጠሮዋን ከምግብ በኋላ ማድረግ። አቴኖሎል ለሚወስደው ሰው ማሽኑን ትቶ ንግግሩን ማዳመጥ ነው፤ አረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ይቀንሳል። እግርም አለ። ነርቩ የተጎዳ ሰው ጫማው ሲልጠው አይሰማውም። ካልሲ አስወልቆ ማየት ዲግሪ አይጠይቅም፤ ማሰብን ግን ይጠይቃል፣ ዛሬ ያንን የሚያስብ አሰልጣኝ ብዙ አላይም።

«ለፊዚዮቴራፒስት ይተው» እንዳይሉኝ። ቁጥራቸው ትንሽ ነው። ስትሮክ የመታውና አጥንቱ የተሰበረው ሰውም እነሱኑ ይጠብቃል።

ነርሷ

አልልም፤ እውነትዎን ነው። ግን የዘረዘሩት ሁሉ የሚታይ ነገር ነው። የማይታየውስ? ስኳር ዓይኑን የጎዳው ሰው ትንፋሹን አፍኖ ከባድ ብረት ሲያነሳ ግፊቱ ይዘላል፤ ዓይኑ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ቆሞ ሲያዩት ግን ጤነኛ ነው። ዓይኑ መመርመሩን የሚናገረው ካርድ እኔ ክፍል ነው ያለው። ያለ ፈቃዱ ደግሞ ለእርስዎ አላሳይም።

ስለዚህ ኮርስ ብቻውን ድፍረት ይሰጣል፤ መረጃ አይሰጥም። ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ደፋር ያልሆነ አሰልጣኝ «ሐኪምህን ጠይቅ» ብሎ ይመልሰዋል። ሰርተፊኬት የያዘው ግን ያስጀምረዋል።

አሰልጣኙ

መልሶ ይልከዋል፣ ከዚያስ? እናንተ ጋ የሦስት ወር ቀጠሮ ነው። ቀኑ ሲደርስም ኮሪደሩ ሞልቶ ሐኪሙ መድኃኒት ጽፎ ለመሸኘት እንኳ ጊዜ ያጥረዋል። ሰውየው ያንን ሁሉ ጊዜ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ? መቀመጡም እኮ ይጎዳዋል። እኔ በሳምንት ሦስቴ አየዋለሁ። ሲደክም፣ ሲከሳ፣ እግሩን ሲጎትት ከእናንተ ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። የማየውን የምነግረው ግን የለኝም።

ነርሷ

እሱን እቀበላለሁ። እንግዲያው ከኮርሱ በፊት ወረቀቱ ይቅደም። ታካሚው ፈርሞ የፈቀደበት፣ የሚወስደው መድኃኒት ስምና መጠን፣ ዓይኑና እግሩ መቼ እንደታየ፣ ግፊቱ ስንት ላይ ሲደርስ እንደማይሠራ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚደወልበት ስልክ ያለበት። ከጀርባው እርስዎ ያዩትን ጽፈው ይመልሱልኝ። ሥልጠናውም ሆቴል አዳራሽ ውስጥ መሆኑ ይቅርና እኛ ክፍል፣ ከታካሚ ጋር ለወራት ይሁን። ያ እስኪሆን ድረስ ኢንሱሊን የሚወጋ ታካሚዬን ወደ ጂም አልልክም። ሰው አስከትሎ፣ ኪሱ ከረሜላ ይዞ፣ ሰፈሩ ውስጥ ይራመድ።