ማስተካከያ፦ የአርሴናል መድፍ ስንቴ ዞረ?

ትናንት ስለ አርሴናል ሎጎ ስለጥፍ "መድፉ ከጥንት ጀምሮ ወደ ግራ ነው የሚያየው፣ ወደ ቀኝ የዞረው ገና በ2002 ነው" ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ። ክለቡ ራሱ ስለ አርማው ታሪክ ባወጣው ጽሁፍ መሰረት በ1922 የወጣው የመጀመሪያው ባለ አንድ መድፍ ሎጎ አፉ ወደ ቀኝ ነበር፣ በ1925 ነው ቀጠን ብሎ ወደ ግራ የዞረው፣ ከዛ በ1949 የላቲኑ መፈክር ሲገባም እንደዛው ቀጠለና 2002 ላይ ወደ ቀኝ ተመለሰ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ያኔም የቀየሩት ለፋሽን ብቻ ሳይሆን የድሮውን በኮፒራይት ማስጠበቅ ስላልቻሉ ነው።

ሌላው፣ 1888ቱ ሎጎ ላይ ያሉትን ሦስት የቆሙ ነገሮች "የፋብሪካ ጭስ ማውጫ" ያልኩትም ልክ አይደለም፣ ክለቡ ከተመሰረተበት የለንደን ሰፈር ከዉሊች አርማ የተወሰዱ መድፎች ናቸው፣ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ የአንበሳ ጭንቅላት ሁሉ አላቸው፤ እውነቱን ለመናገር ለኔ አሁንም ጭስ ማውጫ ነው የሚመስሉኝ።

ስለዚህ "ወደ ቀኝ ካየ ከ2002 ወዲህ ነው" በሚለው ተነስታችሁ የአሮጌ የአርሴናል ዕቃ ዓመት የገመታችሁ ድጋሚ እዩት። በዚህ ተወራርዳችሁ ማኪያቶ የተበላችሁ ካላችሁ ሂሳቡ በኔ። ፖስቱንም አስተካክዬዋለሁ።